ራምቦ ወሎ ደርሷል ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም የዚህ ዓምድ ጥግ ላይ ሐረር ስለኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ ስለ አርተር ራምቦ ሁለት አንቀጽ ጣል ባደርግ ደብዳቤው ጎረፈ። ስለ ኑሮ ውድነት ስጽፍ እንኳ እንዲህ አይጎርፍም። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ የራምቦ ነው።

ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር አይደለሁም። ጂቡቲ ወደብ በትራንዚተርነት ስሠራ ኖሬ፣ ፈረንሳይኛውን እዚያው ከጉምሩክ ወረቀት ጋር ስታገል ለምጄ፣ አሁን ኮምቦልቻ የከተምሁ ሰው ነኝ። መልሴ የደረሰኝና የማዘዣ ሽታ ቢኖረው አትፍረዱብኝ። ዓመቶቹ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ በባቲ አድርጎ በወሎ በኩል አልፏል ብለው ሰፈራችን ያሉ አንድ አባት ሙጭጭ ብለዋል። እውነት ነው?» ተማሪ፣ ከደሴ ሆጤ

አላለፈም። ግን አባትየውን በአክብሮት ተከራከራቸው፤ ባቲ ከጥንት ጀምሮ የአፋር ግመል የሚወጣበት ገበያ ስለሆነ መጠርጠራቸው አይፈረድም። ራምቦ የተነሳው ከታጁራ ነው። በአሳል ሐይቅ በኩል የአፋርን ምድር አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ የገባው አንኮበር ነው። በኦክቶበር 1886 ተነስቶ በፌብሩዋሪ 1887 ደረሰ። አንድ ደብዳቤው ላይ መንገዱን ከጨረቃ ምድር ጋር ያመሳስለዋል፤ አሳልን በመኪና መስኮት ያየ ሾፌር ሁሉ ይህን አይክድለትም።

ከመንገዱ ይልቅ ግን መነሻው ላይ ያለፈበት ነው የከፋው። ታጁራ ከጂቡቲ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው የሚደርሱባት፣ መስጊዶቿ ነጫጭ፣ ከጀርባዋ ተራራ የተደገፈች ትንሽ ከተማ ናት። ደስ ትላለች፤ ኸምሲኑ የሚነፍስበት ወቅት ካልሆነ። ያን ጊዜ ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስል ፊት ይለበልባል፣ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሁሉ እስኪመሽ ጥላ ይፈልጋል። ራምቦ እዚያ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጧል። ግመል ይታጣል፤ ሲገኝ ኪራዩ አይቀመስም፤ ኪራዩ ሲስማማ ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። አጋሩ ፒየር ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። አብሮት ሊወጣ የነበረው ሌላው ነጋዴ፣ ፖል ሶሌዬ፣ ኤደን ላይ በድንገት ሞተ። ብቻውን ወጣ።

አንኮበር ሲደርስ ደግሞ ንጉሡ የሉም። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ ገና ሁለት ወር አልሞላም፤ የሚገቡትም እንጦጦ ነው። ራምቦ እንጦጦ ድረስ ተከትሎ ወጣ፤ የንጉሡን አገባብም ካይሮ ለሚታተም ጋዜጣ በላከው ረጅም ደብዳቤ ላይ ጻፈው። ከፊት ሙዚቀኞቹ ከሐረር የማረኩትን የግብፅ ጥሩምባ ባለ በሌለ ኃይላቸው እየነፉ፣ ከኋላ ሠራዊቱና ምርኮው፣ ከምርኮውም መሃል ሁለት የክሩፕ መድፍ፣ እያንዳንዱ መድፍ በሰማንያ ሰው ትከሻ። ይህን የመሰለ የዓይን ምስክር ያለው ፈረንሳዊ ገጣሚ ሌላ ንገሩኝ።

ለወሎ የቀረው ቅርርብ ይህ ነው፦ እኛ ጎረቤት ውጫሌ ላይ በሜይ 2 ቀን 1889 ውሉ ሲፈረም ራምቦ ሐረር ሱቁ ውስጥ ነበር። ለኢጣሊያ የፈረመው ኮንት አንቶኔሊም ራምቦ በደብዳቤዎቹ የሚያነሳው ሰው ነው፤ እሱም ለምኒልክ መሣሪያ ያመጣ ነበር።

«በንግዱ ከብሯል ይላሉ፤ ባሪያ ይነግድ ነበርም ይላሉ። እርስዎ የንግድ ሰው ነዎትና ሒሳቡን ያውጡልን።» ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡ በእጁ ጽሑፍ አለና።

ከላባቱ ጋር ሆነው ለመንግሥታቸው ሚኒስትር በጻፉት አቤቱታ የጠቀሱት ዕቃ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነው። ጠመንጃው በካፕሱል የሚተኮስ፣ አውሮፓ የጣለው አሮጌ ዓይነት ነበር። ምኒልክ ደግሞ መሣሪያ የማያውቁ ገዥ አልነበሩም፤ ዋጋውን በጅምላ ዝቅ አድርገው ቆረጡት። በዚያ ላይ ሟቹ ላባቱ ለንጉሡ ዕዳ አለበት ተባለና ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ይህ ሲሰማ ባለ ዕዳ ነን ባዩ ከየአቅጣጫው መጣ፦ የግመል ኪራይ የቀረበት፣ ደመወዝ ያልተከፈለው፣ ለላባቱ አበደርኩ የሚል። ራምቦ ኤደን ላለው የፈረንሳይ ቆንስላ ስለዚህ የጻፈውን ደብዳቤ የወራሽ ክርክር ያየ ሁሉ ሊያነበው ይገባል፤ ሳቁም ንዴቱም አለበት።

ከዚያ ውስጥ አንዱን ልንገራችሁ። ራምቦ ሰነድ ፍለጋ ላባቱ ትዳር ይዞባት ወደነበረችው ሐበሻ ባለቤቱ ቤት ይሄዳል። ያገኘው ሠላሳ አራት ደብተር ነው፤ ሟቹ የሕይወት ታሪኩን የጻፈባቸው። ሴትዮዋ እየረገመችው አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ከተታቸው። በኋላ ሲረዳ፣ በደብተሮቹ ቅጠል መሃል የንብረት ወረቀት ተሰክቶ ኖሯል! በሃያ ዓመቱ የራሱን ግጥም ጥሎ የሄደ ሰው የሌላውን ትዝታ ቢያቃጥል አይገርመኝም። ወረቀት ሳያገላብጥ ማቃጠሉ ግን፣ እንደ ትራንዚተር፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቀሪው ሒሳብ በጥሬ ብር አልተከፈለውም። ምኒልክ ሐረር ላሉት፣ በኋላ ራስ ለተባሉት ለመኰንን ማዘዣ ጻፉለት፤ ሐረርም ጠገራ ብር ስላጠረ ምጽዋ የሚመነዘር ሌላ ወረቀት ተሰጠው። ምጽዋ ሲደርስ ፓስፖርት የለህም ተብሎ ተያዘ። በመጨረሻ ካይሮ ገብቶ ለቤተሰቡ እንደጻፈው፣ ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ ነው የሚዞረው፤ ስምንት ኪሎ ይመዝናል፣ ሆዴንም አመመኝ ይላል። ያ ገንዘብ ሰባት ዓመት ያህል የለፋበት ነው። ከበረ ለማለት ያስቸግራል። ከ1888 ጀምሮ ሐረር በከፈተው መደብር ግን ሥራውን ያወቀ ነጋዴ ሆኗል፤ ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይገዛል፣ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ ኤደን ካለው ሴዛር ቲያን ከሚባል ነጋዴ ጋር ነበር የሚሠራው።

ባሪያው ላይ ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ባሪያ ነጋዴ ነበር የሚለውን ወሬ ያሰፋው በ1930ዎቹ የወጣ መጽሐፍ ነው፤ በኋላ ሰነዱን የመረመሩ ሰዎች ለንግዱ ማስረጃ አላገኙም። ነገር ግን በ1889 መጨረሻ የምኒልክ አማካሪ ለነበረው ስዊሳዊ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በጻፈው ደብዳቤ አንዲት ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲልክለት ይጠይቃል። ኢልግ ባሪያ ገዝቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም ብሎ መለሰለት። ነጋዴ አልነበረም ስንል ይህችን ደብዳቤ ኪሳችን ከትተን ማለፍ የለብንም። ሲሞት ደግሞ ሐረር ያገለግለው ለነበረው ለጃሚ ገንዘብ እንዲሰጠው ተናዟል። ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ ናቸው።

«ሐረር የሚታየው የራምቦ ቤት እውነት የእሱ ነው?» ጎብኚ፣ ከደሴ ፒያሳ

አይደለም። ያ ባለ ፎቅ፣ ባለ ቀለም መስታወት ቤት ከእሱ ዘመን በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ ያምራል፣ ሙዚየሙም ሊታይ የሚገባው ነው፣ ሂዱ። ጂቡቲም ገበያው አጠገብ ያለው አደባባይ ድሮ በስሙ ይጠራ ነበር፤ አሁን የማህሙድ ሐርቢ አደባባይ ነው።

«እግሩን ምን ሆኖ ነው የሞተው? ሐኪም አጥቶ ነው?» ነርስ፣ ከደሴ

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ አላራምደው አለ። በራሱ ንድፍ ቃሬዛ አሠርቶ፣ አሥራ ስድስት ተሸካሚ ቀጥሮ በኤፕሪል ከሐረር እስከ ዘይላ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በየዕለቱ የት እንዳደሩና ዝናቡ እንዴት እንደቀጣቸው በአጭር በአጭሩ መዝግቧል። ማርሴይ እግሩ በሜይ 27 ተቆረጠ። ካንሰር ነበርና ተዛምቶ ኖቬምበር 10 ሞተ፤ 37 ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ቀድሞ ቢገኝ ይተርፍ ነበር ወይ የሚለውን ካንቺ ሙያ ነው የምጠብቀው።

«ወንድም ጋሼ፣ ሁላችሁም ስለ ጠመንጃው ነው የምታወሩት። ግጥሙን የሚነግረን ጠፋ። ከየቱ ልጀምር?» አማርኛ መምህርት፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

እቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔንም የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ራምቦ ሐረር ገብቶ ቤታችን ስለተቀመጠ የእኛ ነው እንላለን፤ ግን እኛ ዘንድ የመጣው ቡና ገዥው ነው። ገጣሚው ሌላ ልጅ ነው፣ እዚያው ፈረንሳይ የቀረ። እኛ አገር ሆኖ የጻፈው አንድ ግጥም እንኳ አልተገኘም፤ ደብዳቤና የጂኦግራፊ ዘገባ እንጂ። ስለዚህ ደብዳቤውን እንደ ደብዳቤ፣ ግጥሙን እንደ ግጥም ማንበብ ነው የሚያዋጣን።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው «የሰከረው መርከብ»ን ነው። መቶ ስንኝ ነው፤ መርከቡ ራሱ በአንደበቱ እየተናገረ ካለ መሪ በባሕሩ ላይ ይዋልላል። የጻፈው በ1871፣ ገና አሥራ ሰባት ሳይሞላውና ባሕር በዓይኑ ሳያይ ነው። ታላቅ ነው፣ ግን ለጀማሪ ይከብዳል። አንቺ «ሸለቆ ውስጥ የተኛው» ከሚለው ጀምሪ።

አሥራ አራት ስንኝ ብቻ ነው። ጊዜው 1870 ነው፤ ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ላይ ናቸው፤ ፈረንሳይ የተሸነፈችበት ሴዳን ልጁ ከተወለደበት ከሻርልቪል ብዙ አይርቅም። ግጥሙ ሲጀምር ጦርነት የሚባል ነገር የለም። አረንጓዴ ጉድባ አለ፣ ወንዝ ይዘፍናል፣ ውኃው ሣሩ ላይ የብር ብጥስጣሽ ይሰቅላል፣ ፀሐይዋ ከተራራው ታበራለች። አንድ ወጣት ወታደር አፉን ከፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ማጅራቱን ሰማያዊ ለምለም ቅጠል ውስጥ ነክሮ ተኝቷል። እግሩ አበባ መሃል ነው። የታመመ ሕፃን እንደሚስቅ ፈገግ ብሏል። ገጣሚው ተፈጥሮን ይለምናታል፦ በርዶታልና ሞቅ አድርገሽ እሹሩሩ በይው። እዚህ ላይ አንባቢ ይጠረጥራል፤ ፀሐይ ላይ የተኛ ሰው እንዴት ይበርደዋል? ቀጥሎ የአበባው ሽታ አፍንጫውን አያነቃንቀውም ይላል። እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ ጸጥ ብሏል። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ብቻ፦ ቀኝ ጎኑ ላይ ሁለት ቀይ ቀዳዳ አለበት።

«ሞተ» የሚል ቃል የትም የለም። ቅኔ የቆጠሩ የወሎ አባቶች ቢያዩት ወርቁን እስከ መጨረሻው ሰሙ ውስጥ ሸሽጎ ያዘው ይሉ ነበር። ይህን የጻፈው ልጅ ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው፤ የተማሪዎችሽ እኩያ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳየን ላንቺ አልነግርሽም። ክፍል ውስጥ ስታነቢላቸው ግን የመጨረሻውን ስንኝ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ከተማሪዎቹ መሃል የሚያውቀው አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ «ቦሄምያዬ» ወደሚለው እለፊ፤ ኪሱ የተቀደደ ልጅ በእግሩ እየተጓዘ፣ በከዋክብት ሥር እያደረ፣ የጫማውን ላስቲክ እንደ ክራር ጅማት እየሳበ ይገጥማል። ያስቃል። «አንድ ወቅት በገሃነም»ን የመጨረሻ አድርጊው፤ እሱ ስድ ንባብ ነው፣ አንዳንድ ገጹም ኃይለኛ ትኩሳት ያለበት ሰው ንግግር ነው።

«ለምን ተወው? ሰው እንዲህ ያለ ችሎታ ይዞ በሃያ ዓመቱ እንዴት ይተዋል?» ከሐይቅ

በዚህ ላይ የተጻፈው መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ እኔም የራሴን እጨምራለሁ።

በ1871 ፖል ቬርሌን የሚባለው የታወቀ ገጣሚ ግጥሙን አይቶ ፓሪስ ጠራው። ቬርሌን ባለትዳር ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ሆኑ፣ ቤቱን ጥሎ አብረው ለንደንና ብራስልስ ተንከራተቱ፤ ጠጡ፣ ተጣሉ። በጁላይ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ ቬርሌን በሽጉጥ ተኩሶ የራምቦን አንጓ አቆሰለው፣ ሁለት ዓመትም ተፈረደበት። ወሬ ወዳዱ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ቀጥሎ ያለችውን ነው የምመለከተው።

በዚያው ዓመት መኸር ራምቦ «አንድ ወቅት በገሃነም»ን ብራስልስ ላለ ማተሚያ ቤት ሰጠ። በሕይወቱ ራሱ ያሳተመው መጽሐፍ ይህ ብቻ ነው። 500 ቅጂ ታተመ። ጥቂት ቅጂ ወስዶ ለወዳጆቹ ሰጠ፤ ቀሪውን ሒሳብ አልከፈለም። መጽሐፉ ማተሚያ ቤቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ ቀረ፤ አንድ ቤልጅየማዊ መጽሐፍ ሰብሳቢ በ1901 አቧራ ለብሶ እስኪያገኘው ድረስ። ባለቤቱ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው። ወደብ ላይ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቀረጡ ሳይከፈል መጋዘን የቀረ ዕቃ ባለቤቱም ዓመት ሳይሞላው ይረሳዋል፣ ስሙን ስትጠራበትም ይቆጣል። ምሥጢር፣ ምናኔ፣ የነፍስ ጥሪ የሚሉትን አልቃወምም። የመጀመሪያው ምክንያት ግን አንባቢ ማጣት ይመስለኛል።

አስገራሚው፣ አንባቢው የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። በ1886 «ኢሉሚናሲዮን» የተባለው ሥራው ፓሪስ ላይ በመጽሔት መውጣት ሲጀምር ራምቦ ታጁራ ላይ ግመል ይለምን ነበር። ሞቷል ብለው የሚያወሩም ነበሩ። በ1890 አንድ የማርሴይ መጽሔት አዘጋጅ ለመጽሔታችን ጻፍልን የሚል ደብዳቤ ሐረር ድረስ ላከለት። ደብዳቤው ከወረቀቶቹ መሃል ተገኝቷል። መጣል ሲችል አስቀምጦታል፤ ይህች ነገር ለእኔ ብዙ ትነግረኛለች።

«ሼህ ሁሴን ጅብሪልን የመሰለ ገጣሚ ያለን የወሎ ሰዎች ለአንድ የፈረንጅ መሣሪያ ነጋዴ ገጽ ማባከን አያሳፍርም?» ስም አይጠቀስ፣ ከደሴ

አያሳፍርም። የሼህ ሁሴንን ግጥም ከእናቶቻችን አፍ ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን፤ ማንም አይወስድብንም። እንዲያውም ራምቦ በሜይ 1871 ለመምህሩና ለአንድ ወዳጁ በላካቸው ሁለት ደብዳቤዎች ገጣሚ የማይታየውን የሚያይ መሆን አለበት ብሎ ጽፏል፤ ወሎ ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞም እሱ እኛን ለማወቅ ሞክሯል። ሸዋ ከመውጣቱ በፊት የዳባዲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ገዝታችሁ ላኩልኝ ብሎ ቤተሰቡን ወትውቷል፤ ከፈረንሳይኛ ትርጉሙ ጎን ዐረብኛው ያለበት ቁርዓንም ካንድ መጽሐፍ ቤት ጠይቋል። የእሱን ያህል እንኳ አንድከም?

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ግጥም እጽፋለሁ። ራምቦ ትምህርቱን ጥሎ ነው ገጣሚ የሆነው። እኔም ልተወው እያሰብኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?» ከኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር

አብሽር፣ አልቆጣህም። ግን ታሪኩን ሙሉውን ስማ። ራምቦ ከቤት የኮበለለው እውነት ነው፤ በ1870 ካለ ትኬት ባቡር ተሳፍሮ ፓሪስ ሲደርስ አስረውታል፣ ያስፈታውም መምህሩ ኢዛምባር ነው። ከዚያ በፊት ግን በየዓመቱ ሽልማት የሚጠራርግ ተማሪ ነበር። በ1869 በላቲን ግጥም ውድድር አንደኛ ወጥቷል፤ ያ ማለት የሞተ ቋንቋ ውስጥ ገብቶ፣ ረጅሙንና አጭሩን ቀለም ለይቶ፣ ምቱን ሳይሳሳት ስንኝ መደርደር ማለት ነው። በኋላ የግጥምን ቤት ያፈረሰው አሠራሩን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

ካለ ትኬት የመሳፈሩን ነገር አትሞክረው፤ የሐረጎን ዳገት የሚወጡት የእኛ ረዳቶች እንደ ፓሪስ ፖሊስ የዋህ አይደሉም። ፈተናህን ጨርስና ግጥምህን ላክልኝ። ሦስት ብቻ ይበቃል፣ ጽሑፉም የሚነበብ ይሁን።